ነጭ ወይን ጠጅ ከዓሣ ጋር የሚስማማው ስለ ምንድር ነው?
ስለ ኢጣልያው ቬርዲክዮና ስለሚስማሙት ምግቦች አጭር ጥናት

መግቢያ

ባለፈው የትምህርት ዘመን ከመምህራኖቻችን አንዱ ጥቂት ተማሪዎችን በቤታቸው ለእራት ጋብዘውን ነበር። በገበታው ላይ የተጠበሰ ዓሣ ቀረበ፤ ከዓሣውም ጋር አንድ ጠርሙስ ነጭ የኢጣልያ ወይን ጠጅ ተከፈተ። ከመካከላችን አንዱ፣ «ቀዩ ለምን አልቀረበም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ከዓሣ ጋር የሚጠጣው ነጭ ነው» የሚል መልስ ተሰጠው። ለምን እንደ ሆነ ግን በገበታው ዙሪያ ከተቀመጥነው ሁሉ፣ ጋባዣችንም ጭምር፣ ሊያስረዳ የቻለ አልተገኘም።

ከእኛ ብዙዎቻችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ነን። እዚያ ሹካና ቢላዋ በየትኛው እጅ እንደሚያዝ ተምረናል፤ ወይን ጠጅን ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ ላይ ካልሆነ በቀር አናውቀውም ነበር። ስለዚህ የተነገረንን ደንብ ወዲያው ተቀብለን ዝም አልን። በማግሥቱ ነገሩን መልሰን ስናስበው ይህ ዝምታ አሳፈረን። በክፍል ውስጥ ዘወትር «ምክንያቱን ጠይቁ» እየተባልን የምንማር ሰዎች በገበታ ላይ ስንቀመጥ ጥያቄያችንን ውጭ ትተን መግባት አልነበረብንም።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ያልተጠየቀ ጥያቄ ውጤት ነው። ዓላማችንም ማንንም ወደ መጠጥ ለመጋበዝ አይደለም፤ ከእኛው መካከል እንኳ የማይጠጡ አሉ። ልንመረምረው የፈለግነው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም «ነጭ ከዓሣ ጋር» የሚለው ደንብ የፈረንጅ ይሉኝታ ብቻ ነውን ወይስ በምላስና በኬሚስትሪ ሊረጋገጥ የሚችል እውነት አለበት? የሚለው ነው። ለምርመራችንም በዚያ ምሽት በገበታው ላይ የቀረበውን ቬርዲክዮ የተባለውን ወይን ጠጅ እንደ ምሳሌ ወስደናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አገሩና ተክሉ

ማርኬ የሚባለው ክፍለ ሀገር በመካከለኛው ኢጣልያ በምሥራቅ በኩል ይገኛል። በምዕራብ የአፔኒኒ ተራሮች፣ በምሥራቅ የአድሪያቲክ ባሕር ያዋስኑታል። ዋና ከተማው የባሕር ወደብ የሆነችው አንኮና ናት። ከአንኮና ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ በኤዚኖ ወንዝ ሸለቆ ዬዚ የተባለች ጥንታዊት ከተማ ትገኛለች። የታሪክ ተማሪዎች ይህችን ከተማ በሌላ ነገር ያውቋት ይሆናል፤ የቅዱስ የሮማ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት የነበረው ዳግማዊ ፍሬድሪክ በ1194 የተወለደው በዬዚ ነውና።

በዬዚ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ራስ ላይ በግንብ የታጠሩ ትንንሽ ከተሞች ተሠርተዋል። ኢጣልያውያን እነዚህን «ካስቴሊ» ይሏቸዋል። የወይን ጠጁም ሙሉ ስም «ቬርዲክዮ ዴይ ካስቴሊ ዲ ዬዚ» የሆነው ስለዚህ ነው፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የዬዚ ግንቦች ቬርዲክዮ» እንደ ማለት ነው። ቬርዲክዮ የወይኑ ተክል ስም ሲሆን የመጣውም «ቬርዴ» ከሚለው ቃል ነው፤ ቬርዴ አረንጓዴ ማለት ነው። ፍሬው በበሰለ ጊዜም እንኳ አረንጓዴነት አይለየውም፤ ጠጁም በብርጭቆ ውስጥ ሲታይ ከቢጫው መካከል አረንጓዴ ጥላ ይታይበታል።

ከዬዚ ወደ ተራራው ጠልቆ ሲገባ ማቴሊካ የተባለች ሌላ የቬርዲክዮ አገር አለች። የዬዚ ሸለቆ ወደ ባሕሩ የተከፈተ ሲሆን የማቴሊካ ሸለቆ ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋና በተራሮች የተከለለ ነው። በዚህ ምክንያት የባሕሩ ሙቀት አይደርሰውም፤ ሌሊቱም ቀዝቃዛ ነው። የኢጣልያ መንግሥት የወይን ጠጆችን የትውልድ ስም በሕግ መጠበቅ በጀመረ ጊዜ የማቴሊካው በ1967፣ የዬዚው በ1968 ይህን መብት አግኝተዋል። በሕጉ መሠረት በዚህ ስም የሚሸጥ ጠጅ ከመቶ ቢያንስ 85 እጅ ከቬርዲክዮ ወይን የተሠራ መሆን አለበት።

ስለ ተክሉ የሚያስገርም አንድ ነገር አለ። ቬርዲክዮን የማርኬ ሰዎች የራሳቸው ልጅ አድርገው ሲቈጥሩት ኖረዋል። የተክሎችን የዘር ምልክት የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን በሰሜን ኢጣልያ በቬኔቶ ክፍለ ሀገር «ትሬቢያኖ ዲ ሶዋቬ» እየተባለ የሚጠራው ወይን ከዚሁ ከቬርዲክዮ ጋር አንድ ተክል መሆኑን አረጋግጠዋል። እንግዲህ ስም ተለውጦ ነገሩ አንድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህን ትምህርት በልባችን እንያዘው፤ ወደ ፊት ስለ ቀለምና ስለ ጠርሙስ ስንናገር ይጠቅመናል።

ለጥያቄያችን ዋናው ነገር ግን የተክሉ ጠባይ ነው። የወይን ፍሬ በሚበስልበት ጊዜ ስኳሩ ይጨምራል፤ ኮምጣጣነቱ ግን ይቀንሳል። በተለይም ማሊክ የተባለው አሲድ በሙቀት ጊዜ በፍሬው ውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ በሞቃት አገር የሚበቅል ወይን ብዙ ጊዜ ጣፋጭነቱ በዝቶ ኮምጣጣነቱ ይጐድላል። ቬርዲክዮ ግን ዘግይቶ የሚበስል፣ በስሎም ኮምጣጣነቱን አጥብቆ የሚይዝ ተክል ነው። ከተራራው የሚወርደው የሌሊት ቅዝቃዜም ይህንኑ ጠባዩን ያግዘዋል።

አዘገጃጀቱ

ቀይና ነጭ ወይን ጠጅ የሚለያዩት በወይኑ ቀለም ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ትልቁ ልዩነት ያለው በአዘገጃጀታቸው ነው። ከጥቂት ዓይነቶች በቀር የቀይ ወይን ፍሬ ጭማቂ ራሱ ቀለም የለውም፤ ቀለሙ ያለው በልጣጩ ላይ ነው። ቀይ ወይን ጠጅ የሚሠራው ጭማቂው ከልጣጩና ከፍሬው ጋር አብሮ ሲብላላ ነው። በነጭ ወይን ጠጅ ሥራ ግን ወይኑ እንደ ተለቀመ ይጨመቃል፤ ልጣጩና ፍሬው ይለያሉ፤ የሚብላላውም ንጹሕ ጭማቂው ብቻ ነው።

ከልጣጩና ከፍሬው ጋር የሚወጣው ቀለሙ ብቻ አይደለም። ታኒን የሚባለው ነገርም አብሮ ይወጣል። ታኒን ቆዳ ፋቂዎች ቆዳ ለማልፋት ከዛፍ ቅርፊት የሚያገኙት ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከቆየ ወፍራም ሻይ ውስጥም ይገኛል። ምላስንና ድድን የሚያኮማትረው ይህ ነው። ታኒን በምራቃችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ምራቁ ልስላሴውን ያጣል፤ አፋችንም የደረቀ ይመስለናል። በነጭ ወይን ጠጅ ውስጥ ግን ታኒን በጣም ጥቂት ነው።

የቬርዲክዮ ጭማቂ ዛሬ በአብዛኛው በማይዝግ ብረት ጋን ውስጥ ሆኖ ቅዝቃዜው እየተጠበቀ ይብላላል። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ጋኑ እንዳይሞቅ የሚጠበቅበት ምክንያት ሙቀት የፍሬውን መዓዛ አብሮ ስለሚያስወጣ ነው። ትኩስነቱ እንዲጠበቅ የሚፈልግ ጠማቂ ማሊክ አሲድ ወደ ለዘብተኛው ወደ ላክቲክ አሲድ እንዳይለወጥም ይከላከላል። ላክቲክ አሲድ በእርጎ ውስጥ የሚገኘው አሲድ ነው። በዚህ አኳኋን የሚገኘው ጠጅ ከመቶ 12 ወይም 13 እጅ ያህል አልኮል ያለው፣ ስኳሩ ያለቀ፣ የሎሚና ያልበሰለ ፖም መዓዛ ያለው ይሆናል። ከተዋጠም በኋላ አልመንድ የሚባለውን የለውዝ ዓይነት የሚያስታውስ ቀጭን ምሬት በምላስ ላይ ይተዋል። ቬርዲክዮን ከሌሎች ነጭ ጠጆች ለመለየት ዋናው ምልክት ይህ ምሬት ነው።

የመስማማቱ ምክንያቶች

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። አንድ ምግብና አንድ መጠጥ ይስማማሉ ስንል ምን ማለታችን ነው? እኛ እንደ ተረዳነው አንዱ ሌላውን ሳይሸፍነው ወይም ሳያበላሸው ሁለቱም ከብቻቸው ይልቅ ሲጣፍጡ ነው። ይህ የሚሆንባቸውን ምክንያቶች በአራት ከፍለን እናያለን።

አንደኛ፣ ኮምጣጣነትና ቅባት። የተጠበሰ ነገር በምንበላበት ጊዜ ቅባቱ ምላሳችንን ይሸፍነዋል፤ ከጥቂት ጉርሻ በኋላም ጣዕሙ እየደበዘዘ ይሄዳል። ኮምጣጣ ነገር ግን ምራቅን በብዛት ያመነጫል። ምራቁ ቅባቱን እያጠበ ሲወስደው ቀጣዩ ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይጣፍጣል። በተጠበሰ ዓሣ ላይ ሎሚ የሚጨመቀው በከፊል ስለዚህ ነው። ቬርዲክዮም በዚህ ረገድ የሎሚውን ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ኮምጣጣነትና የዓሣ ሽታ። የባሕር ዓሣ ከሞተ በኋላ ባክቴሪያዎች በሥጋው ውስጥ ያለውን አንድ ነገር ወደ ትራይመቲላሚን ይለውጡታል። «ዓሣ ዓሣ ይላል» የምንለው ሽታ በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። የኬሚስትሪ ተማሪዎች እንደሚያውቁት አሚኖች ቤዝ ናቸው። አሲድ ሲያገኛቸው ወደ ጨውነት ይለወጣሉ፤ ጨው ሲሆኑም በአየር ላይ መትነናቸው ይቀራል፤ ስለዚህም ወደ አፍንጫችን አይደርሱም።

ሦስተኛ፣ ጨውና ምሬት። በ1997 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጨው መራራ ጣዕምን እንደሚያዳክም፣ በዚህም ምክንያት ሌሎቹ ጣዕሞች ጎልተው እንደሚወጡ ታይቷል። ከላይ የተናገርነው የቬርዲክዮ ምሬት ለብቻው ሲጠጣ ለአንዳንድ ሰው ደስ አይለውም። ጨው ካለበት ምግብ ጋር ሲሆን ግን ምሬቱ ይለዝባል፤ የፍሬው ጣዕምም ይገለጣል። እንግዲህ ጠጁ ምግቡን ብቻ ሳይሆን ምግቡም ጠጁን ያግዘዋል ማለት ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የበለጠ ያስገረመን ምክንያት ግን ብረት ነው። ቀይ ወይን ጠጅ ከዓሣ ጋር ሲጠጣ ብዙ ሰዎች በአፋቸው ውስጥ የዛገ ብረትና የቆየ ዓሣ ጣዕም ይቀርብናል ይላሉ። ለረጅም ዘመን ጥፋቱ የታኒን ነው ሲባል ኖሯል። በ2009 የጃፓን ተመራማሪዎች ስካሎፕ የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ አድርቀው በብዙ ዓይነት ወይን ጠጅ እየፈተኑ ባወጡት ጥናት ግን ዋናው ምክንያት በወይን ጠጁ ውስጥ የሟሟ ብረት መሆኑን አሳዩ። ብረቱ የዓሣው ቅባት ቶሎ እንዲበላሽ ያደርገዋል፤ ሽታውም የሚመጣው ከተበላሸው ቅባት ነው። ብረቱን የሚይዝ ነገር ወደ ጠጁ በተጨመረ ጊዜ ያ ክፉ ጣዕም ቀንሷል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ታላቅ ነው። ብረት ወደ ወይን ጠጅ የሚገባው በፍሬው ላይ ካረፈ አቧራና ጠጁ ካለፈባቸው ዕቃዎች ጭምር ነው፤ መጠኑም ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ይለያያል። ስለዚህ ብረቱ ያነሰና ታኒኑ የቀነሰ ቀይ ወይን ጠጅ ዓሣን ላያበላሽ ይችላል፤ ብረት የበዛበት ነጭ ደግሞ ሊያበላሸው ይችላል። እንግዲህ «ነጭ ከዓሣ ጋር» የሚለው ደንብ በአብዛኛው ልክ ሆኖ ሳለ ምክንያቱ ግን ነጭነቱ አይደለም። ቀለሙ የሌሎች ነገሮች ምልክት ነው እንጂ ራሱ ምክንያት አይደለም።

የአገሩ ምግቦች

ይህን ሁሉ የማርኬ ሰዎች ኬሚስትሪ ሳይማሩ በልማድ ደርሰውበታል። የአንኮና ዓሣ አጥማጆች «ብሮዴቶ» የሚሉት ወጥ አላቸው። እንደ ልማዱ 13 ዓይነት ዓሣና ሌላ የባሕር እንስሳ ይገባበታል፤ ቲማቲምና ኮምጣጤም ይጨመርበታል። ለሽያጭ የማይሆኑ ትንንሽና አጥንታም ዓሣዎች በአንድ ድስት ተሰብስበው የአጥማጁን ቤተ ሰብ ይመግቡ ነበር። ኮምጣጤ ያለበት ምግብ ከራሱ ያነሰ ኮምጣጣነት ያለውን ጠጅ ውኃ ያስመስለዋል። ቬርዲክዮ ግን ኮምጣጣነቱ ጽኑ ስለ ሆነ በብሮዴቶ ፊት አይሸነፍም።

ሁለተኛው ምግብ «ስቶካፊሶ» ነው። ይህ በሰሜን ኖርዌይ በሎፎተን ደሴቶች ኮድ የተባለው ዓሣ ያለ ጨው በቀዝቃዛ ነፋስ ላይ ተሰቅሎ የሚደርቀው ነው። ፒዬትሮ ኩዌሪኒ የተባለ የቬኒስ ነጋዴ በ1432 መርከቡ ጠፍታበት በእነዚያ ደሴቶች ከዓሣ አጥማጆች ዘንድ ከከረመ በኋላ ስለዚህ ዓሣ ወሬውን ለአገሩ እንዳደረሰ ይታወቃል። በካቶሊኮች የጾም ቀን ሥጋ ስለማይበላና የደረቀ ዓሣም ሳይበላሽ ስለሚቈይ ዓሣው በኢጣልያ በብዙ ስፍራ ተለመደ። የአንኮና ሰዎች በውኃ ዘፍዝፈው ካለሰለሱት በኋላ ከድንች፣ ከቲማቲምና ከብዙ የወይራ ዘይት ጋር በለዘብተኛ እሳት ያበስሉታል፤ በድስቱም ውስጥ ቬርዲክዮ ያፈሱበታል። እንግዲህ ጠጁ በብርጭቆውም በድስቱም ውስጥ አለ። ዘይት የበዛበት ምግብ ስለ ሆነ የኮምጣጣነቱ ጥቅም እዚህ ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል።

ሦስተኛው ከአስኮሊ ፒቼኖ ከተማ የመጣ ነው። ትልልቅ አረንጓዴ የወይራ ፍሬዎች አጥንታቸው ወጥቶ በተፈጨ ሥጋ ይሞላሉ፤ በእንቁላልና በዳቦ ፍርፋሪ ተጠቅልለው በዘይት ይጠበሳሉ። ይህ ምግብ ሥጋ እንጂ ዓሣ አይደለም። ሆኖም ጨው አለበት፤ ቅባት አለበት፤ የወይራውም ፍሬ ጥቂት ይመራል። ከላይ የዘረዘርናቸውን ምክንያቶች ለሚያስታውስ አንባቢ ቬርዲክዮ ከዚህ ጋር መስማማቱ አያስደንቀውም። በዱር እንስላል የሚዘጋጀው የጥንቸል ጥብስም እንደዚሁ ነው፤ ምንም እንኳ ጥንቸል በእኛ አገር በብዙዎች ዘንድ የማይበላ ቢሆን ምሳሌነቱ ይጠቅመናል። ሥጋው ነጭና ለስላሳ በመሆኑ ታኒን የበዛበት ቀይ ጠጅ ይጫነዋል፤ የእንስላሉም መዓዛ ከነጩ ጋር ይሄዳል። እንግዲህ የአገሩ ሰዎች «ሥጋ ከቀይ ጋር» የሚለውን ደንብ ከተገቢው በላይ አልፈሩትም።

የማይስማሙት

ማንኛውም ነገር ወሰን አለው። ጣፋጭ ምግብ ከቬርዲክዮ ጋር አይሄድም፤ ምላስ ስኳርን ከለመደ በኋላ ጠጁ ከመጠን በላይ ይኮመጥጠዋልና። አርቲቾክ የሚባለው አትክልትም አስቸጋሪ ነው። በ1972 የታተመ ጥናት እንዳሳየው አርቲቾክ ከበሉ በኋላ ለብዙ ሰዎች ተራ ውኃ እንኳ ጣፋጭ ይመስላቸዋል። ምላስ እንዲህ ሲታለል የወይን ጠጁ እውነተኛ ጣዕም ይጠፋል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቀርበው ጥያቄ ግን ስለ በርበሬ ነው። የበርበሬ ማቃጠል ጣዕም አይደለም፤ ሙቀትን በሚያስታውቁ ነርቮች በኩል የሚሰማ ስሜት ነው። እነዚህ ነርቮች የሚነቁት በ42 ዲግሪ ገደማ ነው። በ2002 የታተመ ጥናት አልኮል ይህንኑ የነርቮቹን በር እንደሚነካና የሚነቁበትን ሙቀት ወደ 34 ዲግሪ ገደማ እንደሚያወርደው አሳይቷል። የሰውነታችን ሙቀት ከዚህ የበለጠ ስለ ሆነ አልኮል በራሱ ያቃጥላል፤ በበርበሬ ላይ ሲጨመርም ማቃጠሉን ያብሰዋል። ስለዚህ ቀይ ወጥ ለበላ ሰው ወይን ጠጅ፣ ነጭም ሆነ ቀይ፣ እሳት ላይ ጭድ እንደ መጨመር ነው።

በአንጻሩ በጨውና በሎሚ ብቻ የተጠበሰ ዓሣ ወይም ጨው የገባበት አይብ በጎመን ከቬርዲክዮ ጋር የማይስማማበት ምክንያት አይታየንም። ከእንጀራ ጋር ለመቅረብም የሚችለው ኮምጣጣነቱ የጸና ጠጅ ነው። እንጀራ ራሱ ኮምጣጣ ስለ ሆነ ለዘብተኛውን ጠጅ እንደ ብሮዴቶው ውኃ ያስመስለዋልና።

አንባቢ ሊፈትነው የሚችለው

የማይጠጣ አንባቢ «እኔ ይህን በምን አረጋግጣለሁ?» ይል ይሆናል። ያለ ወይን ጠጅ የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። ሦስት ብርጭቆ አዘጋጁ፤ በአንዱ ንጹሕ ውኃ፣ በሁለተኛው ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ፣ በሦስተኛው ብዙ ቈይቶ የቀዘቀዘና ስኳር ያልገባበት ወፍራም ሻይ ይሁን። ውኃው የንጽጽር መነሻ ነው፤ ሎሚው በነጩ ፈንታ ነው፤ ሻይውም ታኒን ስላለው በቀዩ ፈንታ ይቆማል። ጨው ያለበት የተጠበሰ ዓሣ እየቀመሳችሁ ከእያንዳንዱ ተጐንጩ። ከዚያም ቅባት ያለው የበሬ ሥጋ ጥብስ አድርጉና ይህንኑ ድገሙት።

እኛ በሞከርነው ጊዜ ውኃው ቅባቱን ባለበት ተወው፤ ሎሚው አጠበው፤ ሻይው ደግሞ ከዓሣው ጋር አፋችንን አደረቀው። ከሥጋው ጋር ግን ሻይው ያን ያህል አላስቸገረም፤ ታኒኑ ከምራቃችን ፈንታ በሥጋው ፕሮቲንና ቅባት ላይ ስለሚያርፍ ይመስለናል። ይህ ሙከራ በእርግጥ የሳይንስ ማስረጃ አይባልም፤ ቀማሾቹ ጥቂት ነበርን፤ የምንጠብቀውንም አስቀድመን አውቀን ነበር። የብረቱንም ነገር በሻይ ልናየው አንችልም። ነገር ግን ምላስ ሲጠየቅ መልስ እንደሚሰጥ ለማወቅ ይበቃል።

የሚጠጡ ሰዎች ቬርዲክዮን በ10 ወይም በ12 ዲግሪ ያህል አቀዝቅዘው ያቀርቡታል። ከዚህ ቢሞቅ ትኩስነቱ ይደክማል፤ በጣም ቢቀዘቅዝ ደግሞ መዓዛው ተደብቆ ይቀራል። ብዙው ቬርዲክዮ በተሠራ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ይጠጣል። «ሪዜርቫ» የሚባለው ግን ከመሸጡ በፊት ቢያንስ 18 ወር መቈየት አለበት፤ ከዚህም 6 ወሩ በጠርሙስ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ጠጅ ከትኩሱ ይልቅ ወፍራም ስለ ሆነ እንደ ጥንቸል ጥብስ ላሉት ምግቦች ይመረጣል።

ስለ ጠርሙሱ

ከመደምደማችን በፊት ይህ ወይን ጠጅ ስላጋጠመው ዕድል ጥቂት እንናገር፤ ከጥያቄያችን ጋር ይገናኛልና። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፋጺ ባታልያ የተባለው የአገሩ ድርጅት ለቬርዲክዮ አዲስ ጠርሙስ አሠራ። ንድፉን ያወጣው አንቶኒዮ ማዮኪ የተባለ የሚላኖ አርክቴክት ነበር። ጠርሙሱ አረንጓዴ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ በጥንት ዘመን ወይን ጠጅ ይጫንበት በነበረው እንስራ አምሳል የተሠራ ነበር፤ በአንገቱም ላይ የተጠቀለለች ትንሽ ወረቀት ታሰረችበት። በየአገሩ ባሉ የኢጣልያ ምግብ ቤቶች ይህ ጠርሙስ ታወቀ፤ ቬርዲክዮም በእርሱ ዝነኛ ሆነ።

ነገር ግን ዝናው ሁለት ስለት ነበረው። ጠርሙሱን ዓይቶ የሚገዛ ሰው በውስጡ ስላለው ነገር ብዙ አይጠይቅም። ቬርዲክዮም ከጊዜ በኋላ በብዙዎች ዘንድ ለበጋ መዝናኛ የሚሆን ርካሽ መጠጥ ብቻ ተደርጎ ተቈጠረ። ከዚህ ስም ለመውጣት ወይን አምራቾቹ ብዙ ደከሙ። ከአንዱ ተክል የሚሰበስቡትን ዘለላ ቀነሱ፤ ይህም የቀረው ፍሬ ጣዕሙ እንዲጠነክር ያደርጋል። ብዙዎቹም የእንስራውን አምሳል ትተው ወደ ተራው ጠርሙስ ተመለሱ። ዛሬ የቬርዲክዮ ስም ከኢጣልያ ምርጥ ነጭ ወይን ጠጆች መካከል ይጠራል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተባለውን ባጭሩ ለመሰብሰብ ያህል፣ ቬርዲክዮ ከዓሣ ጋር የሚስማማው ኮምጣጣነቱ ቅባቱን ስለሚያጥብና ሽታውን ስለሚያስር፣ ታኒኑ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ምሬቱንም የምግቡ ጨው ስለሚያለዝበው ነው። ዓሣንና ወይን ጠጅን የሚያጣላው ዋና ነገር ደግሞ ብረት ነው፤ ብረት ያለበትንና የሌለበትን ጠጅ ቀለሙን ብቻ ዓይቶ መለየት አይቻልም። ደንቡ እንግዲህ በመሠረቱ እውነት ነው፤ ግን ምክንያቱን የማያውቅ ሰው የት ላይ እንደሚሠራና የት ላይ እንደማይሠራ ሊያውቅ አይችልም።

አንድ ተክል በሁለት ስም ሲጠራ አይተናል፤ መልካም ጠጅ ስለ ጠርሙሱ ሲወደድና ስለ ጠርሙሱ ሲናቅ አይተናል፤ ቀለምም የሌላውን ነገር ጥፋትና ምስጋና ሲሸከም አይተናል። ከውጭ አገር የሚመጣልንን ደንብ ሁሉ ሳንመረምር መቀበል እንዳይገባን፣ ሳንመረምርም መናቅ እንዳይገባን ይህ ትንሽ ጥናት ለእኛ በቂ ማስረጃ ሆኖልናል። የጋበዙን መምህራችን ይህን ጽሑፍ ያነቡት እንደ ሆነ ለዚያ ምሽት ጥያቄ የዘገየ መልሳችን ይሁንልን። ወደ ፊት ሌላ እራት ቢጠሩን ግን የተባለውን ደንብ ሰምተን ዝም እንደማንል በአክብሮት እናስታውቃለን።